ሁለት ኩርፈኞች በአንድ ባንድ

ፒያኖ ተጫዋቿ ስምንት ወር ሙሉ በባሏና በወንድሟ መሃል መልእክት ስታመላልስ ኖራለች። ሦስቱ ከአንድ ዝምተኛ የባስ ጊታር ተጫዋች ጋር ሆነው ትንሽ የጃዝ ባንድ አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈሩ አዳራሽ ለፈለገ ሁሉ ያስተምራሉ፤ ባሏ ድራም፣ ወንድሟ ትራምፔት።

የጠቡ መነሻ አንዲት ቃል ናት። ባልየው በተማሪዎች ፊት ወንድሟን "አንተ ሰውዬ፣ ትፈጥናለህ" አለው። ሃያ ዓመት ትራምፔት ለነፋ ሰው ይህ ስድብ ነው። ወንድምየው ትራምፔቱን ሳጥኑ ውስጥ ከቶ ወጣ። በሳምንቱ ቢመለስም፣ ከዚያ ወዲህ የባልየውን ፊት ቀና ብሎ አላየም።

"እትዬ፣ ለባልሽ ንገሪው፤ ድራሙን ትንሽ ወደዚያ ይግፋው" ይላል ወንድሟ፣ ባልየው እዚያው አጠገቡ ቆሞ ሳለ።

"ለወንድምሽ ንገሪው፤ ድራሙ ካለበት ንቅንቅ አይልም።"

መጀመሪያ ላይ ያስቃት ነበር። ማታ ባሏ እራት ላይ "ዛሬስ ደህና ነፋ" ይላታል። ወንድሟ ደግሞ ደውሎ "ያ ሰውዬ ወገቡን ተሻለው?" ይላል። "ራስህ ጠይቀው" ስትለው ወሬ ይቀይራል።

ተማሪዎቹ እሑድ ሕዝብ ፊት ሊጫወቱ ነበርና፣ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ነገሩ ሳቅ መሆኑ ቀረ። ትራምፔት የምትማረው ነርስ ተራዋ ደርሶ ከራሷ አፍልቃ መጫወት ጀመረች። ድራም የሚማረው መካኒክ ግን አንገቱን ደፍቶ የራሱን ይደበድባል። እሷ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ሄዱና ዜማው ተበተነ።

"ለምን አታያትም?" አለችው ፒያኖ ተጫዋቿ።

መካኒኩ ግራ ገባው። "ድራም የሚመታ ሰው ወደ ትራምፔት አያይም መስሎኝ። እናንተ እንደዚያ አይደል የምታደርጉት?"

ባሏንና ወንድሟን ተራ በተራ አየቻቸው።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ በጎረቤትና በቤተሰብ ጢም ብሎ ሞላ። መምህራኑ ከተማሪዎቹ ቀድመው አንድ ዜማ መጫወት ነበረባቸው። ሦስቱ ወንዶች ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ እሷ የፒያኖውን ክዳን ዘጋች።

"ከዛሬ ጀምሮ የማንም መልእክተኛ አይደለሁም። የምትባባሉት ካለ አፍ አላችሁ" አለቻቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። ከመድረኩ ወርዳ ከነርሷ እናት አጠገብ ተቀመጠች።

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ወንድሟ ትራምፔቱን በመሀረብ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ። ሁልጊዜ ፍጥነቱን የምትሰጣቸው እሷ ነበረች።

"በምን ፍጥነት እንጀምር?" አለ በመጨረሻ፣ ወደ ድራሙ ዞሮ።

ባልየው ዱላዎቹን እያየ "እንዳንተ" አለው።

"ትፈጥናለህ ብለኸኝ የለም እንዴ?"

"ትፈጥናለህማ።" ቀና ብሎ አየውና፣ "በሰው ፊት ግን ማለት አልነበረብኝም። እሱ የኔ ጥፋት ነው" አለ።

ወንድሟ መሀረቡን ኪሱ ከተተ። "ወገብህስ?"

"ተጎልቼ እየዋልኩ ምን ይሻለዋል።"

ዝምተኛው የባስ ተጫዋች ድንገት ሳቀ፤ ሳቁን ከዚያ በፊት የሰማ ያለ አይመስልም። ጀመሩ። ወንድሟ እንደ ልማዱ ፈጠነ። ባልየው ዓይኑን ከሱ ሳይነቅል ተከተለው፤ ሁለቱም እየሮጡ ዜማውን ከጊዜው በፊት ጨረሱት። ሰው አጨበጨበ።

"ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" አሏት የነርሷ እናት።

"የለም እማማ፣ ደክሞኝ ነው" አለች፣ ጉንጯን እየጠረገች።

ተማሪዎቹ ወደ መድረክ ሲወጡ ተነስታ ፒያኖዋ ጋ ተቀመጠች። ነርሷ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ሳተች። መካኒኩ ግን ቀና ብሎ እያያት ስለነበር ምቱን ለዘብ አድርጎ ጠበቃት፤ ተያይዘው ጨረሱ።

ሲመሽ ባሏና ወንድሟ ድራሙን መኪና ላይ ሲጭኑ የቱ ይቅደም ብለው ተጨቃጨቁ። እሷ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ መስኮቱን ዝቅ አደረገችና እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸው።