የጤፍ አበባ፣ በአምስት እጥፍ

1

«ትንፋሽዎን ይያዙ።»

«እስከ መቼ?» አሉ አቶ ሽብሩ።

«በቃ እስክልዎት።»

2

ይህን ታሪክ በቁጥር የምከፋፍለው አዋቂ ለመምሰል አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት የግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ቁጥር ካልሰጠሁት ሐሳብ አይቆምልኝም። ስሜ እታፈራሁ ነው። አምና ጡረታ ወጣሁ። ሥራ የጀመርኩትም ሥራ የጨረስኩትም እዚሁ ምንጃር ነው። በሰላም ነው የወጣሁት፤ ሰዓት ሸለሙኝ፣ ንግግር አደረጉልኝ። አንድ ነገር ብቻ ሳይዘጋ ቀርቶብኝ ነበር።

3

ቅጽ (በትዝታ የተሞላ)

የሥልጠናው ርዕስ፦ የጤፍ ዘር አመራረጥ
ቦታ፦ የአቶ ሽብሩ ማሳ ዳር
ሰዓት፦ ረፋድ፣ አምስት ሰዓት
የተሳታፊ ብዛት፦ ሠላሳ አንድ
አሠልጣኝ፦ እኔ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አዲስ ጫማ ያደረገች
ከተሳታፊ የተነሣ ጥያቄ፦ «ጤፍ ያብባል አልሽ። እስቲ አሳዪን።»
የተሰጠ መልስ፦ ጎንበስ ተብሎ ተፈለገ። አልተገኘም።

ጠያቂው ወጣቱ ሽብሩ ነበር። «አበባው ቤቱ ገብቷል» አለ። ሠላሳ አንዱም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቀበሌ እታፈራሁ መሆኔ ቀረና «አበቢት» ሆንኩ። አበቢት መጣች። አበቢት ማዳበሪያ ይዛለች ወይ? አንድ ጊዜማ በዚሁ ስም የሠርግ ጥሪ ደረሰኝ።

የጤፍ አበባ ማለዳ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተከፍቶ እንደሚዘጋ፣ ያውም ከጤፍ ፍሬ ብዙ እንደማይበልጥ ያወቅሁት በኋላ ነው። በአምስት ሰዓት ማንም ቢፈልገው አያገኘውም። ይህን ለአቶ ሽብሩ ስነግራቸው «ሰው ሲመጣ የሚደበቅ አበባ» ብለው ሌላ ሳቅ ጨመሩበት።

4

ሚልክያስ የእህቴ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ነው። አዲስ ዕቃ ሲገዛ አሮጌ ካሜራውንና አንድ እንግዳ ሌንስ ሰጠኝ። ከዚያ በስልክ እንዲህ ተባባልን።

እኔ፦ ምስሉን የሚያጠራው ቀለበት የቱ ነው?
ሚልክያስ፦ የለውም፣ አክስቴ።
እኔ፦ ያለው አንድ ቀለበት ታዲያ ምን ይሠራል?
ሚልክያስ፦ ያጎላል። ከአንድ እጥፍ እስከ አምስት።
እኔ፦ በምን ይጠራል?
ሚልክያስ፦ በአንቺ። ትጠጊያለሽ፣ ትርቂያለሽ። ማቆሚያው ላይ ያለችውን ብሎን በፀጉር ልክ ታዞሪያለሽ። አምስት እጥፍ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው አንድ ስስ ንብርብር ብቻ ነው። ከፊቱም ከኋላውም ጭጋግ ነው።
እኔ፦ ሙሉው ነገር እንዴት ሊታይ ነው?
ሚልክያስ፦ በየንብርብሩ አንድ አንድ ፎቶ ታነሺያለሽ፤ አርባ፣ ሃምሳ። እኔ በኋላ ኮምፒውተር ላይ አንድ አደርገዋለሁ። ለመሆኑ ምን ልታነሺ ነው?
እኔ፦ መልስ።

5

እናንተም ብትሞክሩት፦ ከጨው ጀምሩ። ጨው አይንቀሳቀስም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጨው አነሳሁ፤ እያንዳንዷ ቅንጣት የተጠረበ ድንጋይ ሆነችልኝ። ቀጥሎ የሞተ ዝንብ። ቀጥሎ የገዛ ጣቴ። የጣቴን ጫፍ ሳየው የታረሰ መሬት መሰለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ሥራዬ እስከ ቆዳዬ ገብቶ ኖሯል።

6

መስከረም ማብቂያ ላይ የአቶ ሽብሩ ማሳ ደረስኩ። ጤፉ ራሱን አውጥቶ ተንዘርፍፏል።

«አበቢት፣ ጡረታ ወጣች አልተባለም?»

«ወጥቻለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታጣሪያለሽ?»

«የዚያን ዕለት ጥያቄዎን ልመልስ ነው።»

ዕቃዬን አዩት፤ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ፣ ብሎኑን፣ እንደ ቧንቧ የረዘመውን ሌንስ። ትዝ ሲላቸው ፊታቸው በፈገግታ ተከፈተ።

«አንቺስ ቂመኛ ነሽ» አሉ።

7

ሰኞ። ነፋስ። ጉንጬ ላይ እንኳ የማይሰማኝ ነፋስ በአምስት እጥፍ ዐውሎ ነው። ጤፉ በስክሪኑ ውስጥ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አለፈ።

ማክሰኞ። የጤፉን ዘንግ መሬት ላይ በተከልኩት እንጨት ላይ በክር አሰርኩት። ቆመልኝ። ተንፍሼ ሌንሱን ጉም አለበስኩት። ጠርጌ ስመለስ ዘንጉን በክርኔ ገፋሁት።

ረቡዕ። ባጃጁ መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ስደርስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አበባው ሁሉ ተዘግቷል።

«ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቀሽ በሩብ ሰዓት አረፈድሽ?» አሉ አቶ ሽብሩ። ሲስቁ ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ማሳውን አዩና፣ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትመጪው?» ብለው ጠየቁኝ።

8

ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከእኔ ቀድመው ቆመው ነበር።

«ነፋሱ ከዚህ ነው የሚመጣው» አሉና ጋቢያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘረጉት። የልጅ ልጆች ያዩ ሰው፣ ማሳቸው መሃል፣ እጃቸውን ዘርግተው ለጤፍ ግርዶ ሆኑ። ጤፉ ጸጥ አለ።



ስክሪኑ ላይ አንዲት የተዘጋች ገለባ፣ አበባዋን የያዘችው ቅርፊት፣ አለች። አየኋት። አሥራ ሁለት ከአርባ። አርባ አምስት። አቶ ሽብሩ አንዴ አስነጠሳቸውና ይቅርታ ጠየቁ፤ እኔን ይሁን ጤፉን አላወቅሁም። ሃምሳ። ገለባዋ መሃሏ ላይ ስንጥቅ አለ። ትንፋሽ ያዙ የተባባልነው ይኼን ጊዜ ነው።

ከዚያ

 

ተከፈተች።

9

ብሎኑን በፀጉር ልክ እያዞርኩ ያነሳሁት፦

ፎቶ 1፦ ጭጋግ።
ፎቶ 7፦ ጭጋግ፣ ግን አረንጓዴ።
ፎቶ 12፦ የገለባዋ ጠርዝ፣ አንዲት የጤዛ ጠብታ።
ፎቶ 19፦ በቀጫጭን ክር የተንጠለጠሉ ሦስት ወይን ጠጅ የብናኝ ከረጢቶች።
ፎቶ 26፦ ብናኙን የሚቀበሉ ሁለት ነጫጭ ላባዎች። ላያቸው ላይ ብናኝ።
ፎቶ 48፦ የመጨረሻው ጥርት ያለ።
ፎቶ 49፦ ጋቢ። (የአቶ ሽብሩ እጅ ዝሎ።)

10

«በቃ» አልኳቸው። ተነፈሱ።

ካሜራውን ሰጠኋቸውና ፎቶዎቹን በየተራ እንዴት እንደሚያሳልፉ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን አደረጉት። አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆሙ። ሃያ ስድስት ላይ ደግሞ ቆሙ። እስኪስቁ ጠበቅሁ። ለሳቃቸው የሚሆን መልስ እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

አልሳቁም።

«ይሄ የኔ ማሳ ነው?»

«አሁን ያነሳሁት ነው። እግርዎ ሥር ያለው ዘንግ ነው።»

«በየዓመቱ እንዲህ ይከፈታል?»

«በየዓመቱ። በየማለዳው፣ ወቅቱ እስኪያልፍ።»

ዘንጉን ጎንበስ ብለው አዩት። በባዶ ዓይን ምንም አይታይም።

«አፍንጫዬ ሥር» አሉ።

11

አንባቢዬ፣ ቀደም ብዬ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ።

አቶ ሽብሩ በፊት ለገበሬዎች ማኅበሩ የነጭ ጤፍ ዘር ያባዙ ነበር፤ ትልቁ ክብራቸው ይኼ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት በማኛው፣ በምርጡ ነጭ ጤፍ፣ መሃል ቀይ ጤፍ ተገኘና ማሳው ለዘር አይሆንም ተባለ። ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ። «ምክንያት፦ አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ግን አወቁት። ወሰንተኛቸው አቶ ዘለቀ ቀይ ጤፍ ይዘራሉ፤ በዚህ ላይ አበልጃቸው ናቸው፣ የአቶ ሽብሩን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሱ። አቶ ሽብሩ በዕድሩ ፊት ተነሥተው «ቀናብኝና ዘሬን ቀላቀለው» አሉ። አቶ ዘለቀ ወደ ገበያ የሚሄዱበትን መንገድ ብቻ ቀየሩ።

ያኔ «ምናልባት በአበባው ተዳቅሎ ይሆናል፤ አልፎ አልፎ ያጋጥማል» ብዬ ነበር። «የትኛው አበባ?» ነበር መልሳቸው።

አሁን ካሜራውን እንደያዙ ጠየቁኝ።

«ያ ቀይ ጤፍ በዚህ መጣ ነው የምትይኝ?»

መዋሸት ቀላል ነበር። ደግ ውሸት ይሆን ነበር።

«እርግጠኛ መሆን አልችልም» አልኩ። «አብዛኛው አበባ ከራሱ ነው የሚይዘው። ከሌላ የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። ከአውድማም ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል።»

«ዘለቀ ነውስ ማለት ትችያለሽ?»

«እሱንም አልችልም።»

ካሜራውን መለሱልኝ።

«አንቺ ይኼን ሁሉ እያየሽ ካልቻልሽ» አሉ፣ «እኔ ሳላይ እንዴት ቻልኩ?»

12

የአቶ ዘለቀ ቤት ከወሰኑ ማዶ ነው። አቶ ሽብሩ ጋቢያቸውን አራግፈው ለበሱና መንገድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው። የአጥሩ በር ስንደርስ ካሜራውን ልሰጣቸው ዘረጋሁ።

«ተዪው» አሉ። «መጀመሪያ እኔ ልታይ።»

ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቄ ቆምኩ። አቶ ዘለቀ በሬያቸውን ሣር እያበሉ ነበር። ቀና ሲሉ ሣሩ እጃቸው ላይ ቀረ፤ በሬው ጎተተው። አቶ ሽብሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተናገሩ። ብዙ አልተናገሩም። አቶ ዘለቀ ዞረው ቤት ገቡ።

ይኼኔ ምነው ባልመጣሁ ኖሮ አልኩ።

ሁለት በርጩማ ይዘው ወጡ። አንዱን ለአቶ ሽብሩ አቀረቡ፣ በአንዱ ተቀመጡ። አቶ ሽብሩ ግን አልተቀመጡም፤ ጎንበስ ብለው የአበልጃቸውን ጉልበት ያዙ። አቶ ዘለቀ ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸውና አስቀመጧቸው። ቆይቶ ሁለቱም አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አበቢት» አሉ አቶ ዘለቀ፣ «ምን እዚያ ገትሮሻል? ያንን ይዘሽ ነይ እንጂ።»

ሦስተኛውን በርጩማ ራሳቸው አመጡልኝ። ፎቶ ሃያ ስድስትን ሲያዩ «የኔም ጤፍ እንዲህ ነው?» አሉ፤ በማግሥቱ የእሳቸውን ማሳ ላነሳ ተቀጣጠርን። ጋቢ የሚይዙ ሁለት ሰዎች ይኖሩኛል ማለት ነው።

13

አቶ ሽብሩ በሩ ላይ ቆመው ያሉትን አልሰማሁም። በኋላ ብጠይቃቸው «እሱ ሪፖርት ውስጥ አይገባም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ አልገመትኩትም። ዘግይታችሁ ሰው በር ላይ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን፣ ስንት መስመር እንደሚበቃ ታውቃላችሁ። ቦታውን ትቼላችኋለሁ።

አቶ ሽብሩ፦