የሙሾው ባለቤት

ጽጌሬዳ ስልኳን ደጋግማ ነካካችው። ትናንት የለጠፈችው የእናቷ ሙሾ የለም። በቦታው አንዲት አጭር ጽሑፍ ብቻ ቀርታለች፤ «ይህ ድምፅ የሌላ ባለመብት ንብረት ስለሆነ ተነሥቷል» ትላለች።

«ምነው፣ ደግሞ ምን መጣ?» አሏት አያ ዕንባቆም። የእናቷ ወንድም ናቸው፤ ለቀብሩ ከእንፍራንዝ መጥተው ከድንኳኑ አግዳሚ አልተነሡም።

«የእማዬ ድምፅ የእማዬ አይደለም ይለኛል።»

«ማነው እንዲህ የሚል?»

«እኔ እንጃ። ስልኩ።»

አያ ዕንባቆም ስልኩን እንደ ባለጌ ሰው ገላመጡት። «ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

ገና ሣልስቱ ነው፤ አፈሩ እንኳ አልደረቀም። እናቷ ይመኙሽ ማለት እኮ አዘዞ ሙሉ የሚያውቃት አስለቃሽ ነበረች። የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ቀጥሎ የምትጠራው እሷ ነበረች። ለቅሶ ቤት እንደገባች ዝም ብላ አታወርድም። መጀመሪያ ጓዳ ገብታ ስለ ሟቹ ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሞተ ትላለች። ከዚያ ወጥታ በሁለት ስንኝ ድንኳኑን ታናውጠዋለች።

ለሷ የሚያወርድላት ግን ጠፋ። ሴቶቹ «ለይመኙሽ ማን አፍ አለው?» እያሉ ደረታቸውን ከመምታት አላለፉም። ጽጌሬዳም በሥራ ማራኪ ሰፈር ቢሮ ለቢሮ ስትል ሙሾ ሳትማር ቀረች። ለዚህ ነው እናቷ ለባሏ፣ ለጽጌሬዳ አባት፣ ያወረደችውን፣ ድሮ በስልኳ የቀዳችውን ሙሾ የለጠፈችው። እናቷ በገዛ ድምፅዋ ለራሷ ታስለቅስ ብላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወይንሸት መጣች። የጽጌሬዳ ጓደኛ ናት፤ የቆዩ ብራናዎችና ዜማዎች ወደ ኮምፒዩተር በሚገለበጡበት ክፍል ትሠራለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወጉን አልቅሳ ስታበቃ ጽጌሬዳ ወደ ቤት አስገብታ ስልኩን አሳየቻት።

ወይንሸት አንብባ ፊቷ ተለዋወጠ። «እናትሽንም ይህንኑ ሙሾ ሲያወርዱ ቀድተናቸው ነበር፤ እንዳይጠፋ ብለን። በኋላ አንድ አሳታሚ ከኛ ወስዶ አወጣው። ባለቤት የሌለው ተብሎ ስለተመዘገበ በራሱ ስም አስያዘው።»

«ማነው ባለቤት የለውም ያለው?»

ወይንሸት መሬት መሬቱን አየች። «እሳቸው ናቸው።»

ጽጌሬዳ አላመነችም። ወይንሸትም ቅጂውን ከስልኳ ፈልጋ ከፈተችው። የይመኙሽ ድምፅ ቤቱን ሞላው፦

እራቱን ከድኜ፣ ደጁን ክፍት አርጌ፣
ከየት ላምጣህ ዛሬ፣ በየት አገር ፈልጌ።

ሙሾው ሲያበቃ የአንድ ወጣት ድምፅ ተሰማ። «ባለቤቱ ማን ነው እማማ?»

«ባለቤቱማ አረፈ ልጄ። ባያርፍ ምን ያስለቅሰኝ ነበር?»

«ወራሽስ የለውም?»

«ደሃ ነበር እኮ። ምን አለውና ይወርሱታል?»

ጽጌሬዳን መጀመሪያ ሳቅ አመለጣት። ልጁ ስለ ሙሾው ይጠይቃል፤ እናቷ ስለ ባሏ ትመልሳለች። ለይመኙሽ ባለቤት ማለት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሞቷል። ወዲያው ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። እናቷ ወልዳ፣ አሳድጋ፣ አስተምራ ስታበቃ፣ በገዛ አንደበቷ ወራሽ የለም ብላ አስመዝግባ ሄዳለች። ያውም ሳታውቀው።

«ይስተካከል የለ?»

«ማመልከት ይቻላል» አለች ወይንሸት ቀስ ብላ። «ግን ቃሉ የራሳቸው ነው። እሳቸው ቢኖሩ አንድ ቀን አይፈጅም ነበር። አሁን መሟገት ነው።»

«እስቲ ድገሚው» አለ ከበሩ ድምፅ። አያ ዕንባቆም ናቸው፤ ከኋላቸው የድንኳኑ ሴቶች ቆመዋል። የይመኙሽን ድምፅ ሰምተው ነው የመጡት።

ወይንሸት ደገመችው። የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ሴቶቹ ተቀበሉት። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ያለ ለቅሶ እዚያ ቤት አልተሰማም። አያ ዕንባቆም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተንሰቀሰቁ። ሙሾው አልቆ የልጁ ድምፅ ሲመጣ ማንም ልብ አላለውም።

«ወራሽስ የለውም?»

እናቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት፣ ጽጌሬዳ በሚያለቅሱት ሴቶች መሀል እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።