አምጡት የተባለው ሞተር

ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እውነት ነው። የእኛን ቀበሌ የሚቆጣጠረው ካድሬ ጓድ ቸኮል ይባል ነበር።

አንድ ቀን ሌሞ ወረዳ ውስጥ ገብሳችን ላይ አውሮፕላን ሲወርድ ድምፅ አልነበረውም። ነጭ ነው፣ ክንፉ ረጅም፣ ሞተር የለውም። ሌላ አውሮፕላን በገመድ ጎትቶ ሰማይ ላይ ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው ነፋስ ብቻ ነው። ይህን የነገረኝ አብራሪው መቶ አለቃ ኃይለሚካኤል ነው፤ ጤና ረዳት ስለሆንኩ የተሰበረ እግሩን በእንጨት ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ነፋሱ ሲከዳው ማረፊያ ፈለገ፤ ከላይ ሲያየው ገብሱ ለጥ ያለ ሜዳ መሰለው። ከገብሱ ሥር ግን ጓድ ቸኮል በዘመቻ ያሠራን እርከን ነበር። ጎማው እርከኑን መታ፣ አንዱ ክንፍ ተገነጠለ። መቶ አለቃውን በቃሬዛ ተሸክመን ሆሳዕና አደረስነው፤ ከዚያ በመኪና አዲስ አበባ ወሰዱት።

በማግስቱ ቸኮል መጣ። ስብርባሪውን ዞሮ ዞሮ አየና ባለቤቴን ማርቆስን ጠራው። ማርቆስ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ነው።

«ሞተሩስ?»

«የለውም፣ ጓድ።»

«እንደሌለውማ አየሁ። የት አደረሳችሁት ነው የምልህ።»

አላስችል አለኝና ገባሁበት። «ጓድ፣ አብራሪው ራሱ ነግሮኛል። ሲሠራም ሞተር አልተደረገለትም።»

«አንቺ ቁስልሽን እጠቢ» አለኝ። «ጋሪ እንኳ ፈረስ አለው።»

ሞተሩ እስኪመጣ ብሎ ማርቆስን ሆሳዕና ወስዶ አሰረው። የገብስ ቂጣ እየቋጠርኩ ሆሳዕና መመላለስ ሆነ ሥራዬ። በሄድኩ ቁጥር የቸኮል ጥያቄ አንድ ነው፤ ሞተሩን ይዘሽ መጣሽ? የሌለ ነገር ከየት ይመጣል? መናገሩ ሰለቸኝ። በኋላ ደግሞ በአሻጥር ተከሶ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ነው ተባለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የተላከ ሰው ሲመለስ አላየንም። ፈራሁ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። የማህበሩ አባላት ተመካክረው የወፍጯችንን ሞተር ነቀሉና በፈረስ ጋሪ ጭነው ወሰዱለት። ሞተሩ ዱቄት በዱቄት ነው። ቸኮል በጣቱ ነካ አደረገና «ቀብራችሁት ነበር ማለት ነው» አለ። ማርቆስ ተፈታ። እኛ ሴቶች እህላችንን እየተሸከምን ሆሳዕና ድረስ ማስፈጨት ጀመርን። ይሁን፣ ሰው ይበልጣል አልን።

ገብሱ ሲታጨድ መቶ አለቃው ስብርባሪውን ሊያስጭን በክራንች እየሄደ መጣ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ወፍጯችን ሊመለስልን ነው ብዬ ራሴ እየመራሁ ቸኮል ቢሮ ወሰድኩት። ሞተሩ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«መቶ አለቃ፣ እባክዎ ለእኚህ ሰው ይንገሩልኝ» አልኩት።

መቶ አለቃው ሞተሩን አይቶ ሳቀ። «ይሄ የእኛ አይደለም። ግላይደር የሚባለው አውሮፕላን ሞተር የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም።»

አሁንስ ቸኮል ሊያፍር ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ ዘበኛው ዞረ።

«ማርቆስን አምጣው። የሌለ ሞተር አመጣሁ ብሎ መንግሥትን አታሏል።»

በማግስቱ ስንቅ ቋጥሬ ሆሳዕና ሄድኩ። ወፍጮ ስለሌለን የያዝኩለት ቆሎ ነበር።