የደቻቱ አሸዋ

ዑግባድ ባሏን ሊበንን ተከትላ ከሶማሌ ጠረፍ፣ ከበርበራ ድሬዳዋ የመጣችው ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሊበን ቀፊራ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ደግ ሰው ነው፤ ምንም አላጎደለባትም። እሷ ግን በባሕር ጠረፍ ያደገች ልጅ ናት። አመሻሽ ላይ ከእህቶቿ ጋር እርጥብ አሸዋ ላይ እግሯን ዘርግታ መቀመጥ፣ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በጣቷ እየፈለፈለች መብላት፣ ጨው ጨው በሚል የጉድጓድ ውሃ የተፈላ ሻይ መጠጣት ናፈቃት። የድሬ ሻይ አልጥማት አለ። ሊበን አንዴ በጅቡቲው ባቡር ዓሣ አስመጥቶላት ነበር፤ መንገድ ላይ ውሎ ሸቶ ደረሰ። እንዳያይባት ጓሮ ዞራ አለቀሰች።

ከሁሉ የምትቀርባት የባሏ ታናሽ እህት ፋርቱን ነበረች። ገና ያልታጨች፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ባሕር አይታ ስለማታውቅ ዑግባድን ስለ ባሕር ጠይቃ አትጠግብም።

አንድ ቀን ሁለቱ ከገበያ ሲመለሱ ደቻቱን ተሻገሩ። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ግመል ይታሰርበታል፣ ፍየል ይውልበታል። ዑግባድ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቀበር አደረገች። አሸዋው ከላይ ቢሞቅም ከሥር ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። እዚያው ተቀምጣ አልነሣም አለች።

ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሰሌንና ሻይ ይዘው መውረድ ልማዳቸው ሆነ። ዑግባድ ሻይዋ ውስጥ ቁንጥር ጨው ትጨምራለች፤ ፋርቱን እየቀመሰች ፊቷን ታጨማድዳለች። ከኮረብታው ወተት ሊሸጡ የሚወርዱት አሮጊቷ አዮ ደሄቦ ባዩዋቸው ቁጥር ቅር ይላቸው ነበር። አንድ ቀን ቆም አሉና፣

«ልጆቼ፣ ይህ መንገድ ነው እንጂ መቀመጫ አይደለም። ባለቤቱ ሲመጣ ቤቶች አይልም» አሏቸው።

ፋርቱን ባለቤቱ ማን እንደሆነ እየሳቀች ጠየቀቻቸው። አዮ ደሄቦ በአገጫቸው ወደ ሐረር ተራሮች አመልክተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሊበንም ሰምቶ ሊከለክላቸው ነበር። እናቱ መድና ግን ተዋቸው አሉት። ምራቴ ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ከአሸዋው ስትመለስ ብቻ ነው አሉ።

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ሁለቱ እንደ ልማዳቸው አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ድሬ ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ በሐረር ተራሮች ላይ ግን ደመናው እንደ ከሰል ጠቁሯል። አዮ ደሄቦ አልወረዱም። አሸዋው ላይ የዋሉት ፍየሎች እረኛ ሳይነዳቸው ወደ ዳር ወጡ። ከላይ የረጠበ አፈር ሽታ ያለው ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ዑግባድ ነፋሱን ወደደችው፤ ሻሿን ፈታ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ የማያቋርጥ፣ ወፍራም ድምፅ ተሰማ።

«ዑግባድ» አለች ፋርቱን በቀስታ፣ «ባሕር እንዲህ ነው የሚጮኸው?»

«አዎ፣ እንዲህ ነው» አለቻት፤ ደረቷ በደስታ ሞልቶ።

ካለች በኋላ ነው ዓይኗን የገለጠችው። ድሬ ባሕር የለም። ዳር ላይ ሰዎች በኦሮምኛም በሶማሊኛም እየጮኹ እጃቸውን ያወናጭፉ ነበር። ከመታጠፊያው በኩል ጭቃ የመሰለ ውሃ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያንከባለለ ብቅ አለ። ፋርቱን ቆማ ታየው ነበር። ዑግባድ እጇን ይዛ እየጎተተች ሮጠች። ዳር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ውሃው ጉልበታቸውን መታው። አንድ ግመል ነጂ ጥምጣሙን ፈትቶ ወረወረላቸው። ዑግባድ በአንድ እጇ ያዘችው። የሌላው እጇ ጣቶች ባዶ ሆኑ።

ፋርቱንን በማግስቱ ከከተማው በታች፣ ሜዳው ላይ አገኟት።

ሊበን ለሚስቱ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ግን ፊቷን ማየት አቃተው። ኀዘኑ በረድ ሲል በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ እናቷ ሊመልሳት አሰበ። እሷም እሺ ብላ ልብሷን ሸከፈች። በመሄጃዋ ጠዋት ሊበን ጋሪ ሊጠራ ሲወጣ መድና ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከቀብሩ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም።

«ልጄ ፈርታ ነበር?» አሏት።

ዑግባድ ሻንጣዋን ትታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አልፈራችም፣ ሆዮ፣ እናቴ። ባሕር መስሏት ፈገግ ብላ ነበር። አዎ ብዬ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ።»

መድና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይዘው አለቀሱ።

«ተዋቸው ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ከሄድሽ ይህን ከማን ጋር እችለዋለሁ?»

ሊበን ሲመለስ ሁለቱ ሴቶች ሻንጣውን ከፍተው፣ ልብሱን ወደ ሣጥኑ ሲመልሱ አገኛቸው። ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ወጥቶ ባለ ጋሪውን አሰናበተው።