ግጥም የሚያሰማ ኢርፎን

ባንቺዓለም በድምጿ የታማችበት ቀን የለም። የብቸናና የሞጣ ሰው ሠርግ ሲያስብ፣ ገና በሬው ሳይገዛ እሷንና ባሏን ሰማውን ነው የሚያስይዘው። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ማሲንቆ ይመታል፣ አለቀ። ችግሩ የመጣው ከስፒከሩ ጋር ነው። ያ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ዳስ ውስጥ ካልተገተረ ሠርግ ሠርግ አልመስል ካለ ወዲህ፣ ባንቺዓለም የራሷን ድምፅ መስማት አቃታት። ራሷን ለመስማት ትጮኻለች፤ ስትጮህ ከማሲንቆው ትወጣለች፤ በማግስቱ ጉሮሮዋ ተዘግቶ በእጅ ምልክት ስታወራ ትውላለች።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት መላ ተገኘ። ስጦታው የሚባል የሞጣ ነጋዴ፣ ትልልቅ ዘፋኞች መድረክ ላይ ጆሯቸው ውስጥ የሚሰኩትን ኢርፎን ሦስት ዓይነት አስመጣ። ለስልክ የሚሆነው ተራው አይደለም፤ ማይክና መሣሪያ ከሚያቀላቅለው ሚክሰር የሚመጣውን ድምፅ በቀጥታ ጆሮ ውስጥ የሚያፈሰው፣ ዋናው፣ ውዱ ነው። ስጦታው ደግሞ አፈ ቅቤ ነው።

"ይሄን ውሰጂ፤ ጆሮሽን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋልሻል። ቤዙማ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ አይወራ፣ ደረትሽን ነው የሚመታሽ!" ብሎ ከሦስቱ ውዱን ሰካላት። እውነትም የከፈተላት ዘፈን የከበሮ ምት ልቧ ድረስ ገባ። ከሰማው ጋር ተያዩና ስንት ጊዜ ያጠራቀሙትን እዚያው አፈሰሱት።

የሚቀጥለው ሠርግ እዚያው ሞጣ ነበር። አቤት ያን ቀን የዘፈነችው! ድምጿ ጠርቶ፣ ጉሮሮዋ ሳይጨነቅ፣ ዓይኗን ጨፍና ተንሳፈፈች። መሀል ላይ ከብቸና ለሠርጉ የመጡት አቶ መንግስቴ ተነሡ። አቶ መንግስቴ ብቸና ውስጥ የተከበሩ፣ ግጥም ማውረድ የማይሰለቻቸው ሽማግሌ ናቸው። "ተቀበይ!" አሉና ሁለት ስንኝ ሰጧት። ወጉ የታወቀ ነው፤ እንግዳ ግጥም ሲሰጥ ዘፋኟ ከአፉ ተቀብላ በዜማ ትለዋለች። ባንቺዓለም ግን የራሷን ትዘፍናለች። ደገሙላት። ጭራሽ ጀርባዋን ሰጥታ ትከሻዋን ሰበቀች። ጆሮዋ ተጠርቅሟል፣ ምኑን ትስማ! ሰማው በክርኑ ሲጎሽማት ዓይኗን ገለጠች፤ አቶ መንግስቴ ፊታቸው ጠቁሮ ከዳሱ ሲወጡ አየች።

ጎጃም ውስጥ ግጥም ሰጥቶ ተቀባይ ማጣት በሰው ፊት በጥፊ ከመመታት አይተናነስም። ወሬው ከባልና ሚስቱ ቀድሞ ብቸና ገባ። "ባንቺዓለም ጠግባለች፣ ሽማግሌ ንቃለች" ተባለ። "ለዚህኛው ሠርግ ይቅርብን" የሚል ስልክ ተከታተለ፤ ቦታቸውን ኪቦርድ የሚመታ አንድ ሰውዬ ወሰደው። የጥር ሠርግ ሲደርስ አንድ ብቻ ቀረላቸው። እሱም የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአቶ መንግስቴ የልጅ ልጅ የሀይማኖት! ልጅቱ "ባንቺዓለም ካልዘፈነችልኝ ሞቼ እገኛለሁ" ብላ አስቸግራ እንጂ፣ አያቷስ ስሟንም መስማት አልፈለጉም። በመጨረሻ እንዲህ ብለው ላኩባቸው፦ "ትምጣ። አንዲት ግጥም ብታሳልፍ ግን ማሲንቋችሁን ጠቅልላችሁ ትወጣላችሁ።" ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ማን ይጠራቸዋል?

"አውጥተሽ ወርውሪውና እንደ ድሮው ጩኺ" አላት ሰማው።

"ጉሮሮዬ እስኪቀደድ? ኧረ ወዲያ! ጥፋቱ የኛ ነው፤ ለከበሮ የሚሆን ኢርፎን መረጥን። እኔ የምዘፍነው ከሰው ጋር እየተቀባበልኩ ነው፤ እሱን መች ሞከርነው?"

በነጋታው ማሲንቆውንም ባሏንም ይዛ ሞጣ፣ ስጦታው ሱቅ ገባች።

"ጆሮ የገባ ዕቃ አይመለስም!" አለ ስጦታው፣ ገና ሳትናገር።

"ማን ይመለስ አለህ? ይለወጥ ነው የምለው። በል በር ላይ ቁምና ግጥም ስጠኝ።"

"እኔ? ግጥም?"

"አንተ! የጎጃም ልጅ አይደለህም እንዴ?"

ሰማው ማይኩን ማሲንቆው ላይ ደቅኖ መምታት ጀመረ። ባንቺዓለም መጀመሪያ ያንን ውዱን ሰካች። ስጦታው በሩ ላይ ቆሞ አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ድምፁ ግን የለም። ሁለተኛውን ሰካች። ሰውዬው ትንሽ ትንሽ ይሰማል፣ ማሲንቆው ግን ቀጥኖ ቀጥኖ የወባ ትንኝ ሆነ። "ይሄስ ባሌን አዋረደብኝ" ብላ ነቀለችው። ሦስተኛው ማንም ዞር ብሎ ያላየው ነው፤ ቤዙ ልከኛ፣ ጎኑ ላይ አየር የምታስገባ ቀዳዳ ያለችው። ሰካችው። የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ ትሰማለች፤ የራሷ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ከበሩ ደግሞ ስጦታው፦

"ሞጣ ሱቅ ከፍቼ ስነግድ በሰላም፣
ጆሮዋን ይዛ መጣች የኛ ባንቺዓለም!"

ቃል ሳትስት ተቀብላ ለቀቀችው። መንገደኛው ሁሉ ሱቁ በር ላይ ተሰበሰበ። ስጦታው እየሳቀ "ውሰጂው፣ ውሰጂው! ገበያ ሰበሰብሽልኝ" ብሎ ለወጠላት።

የሠርጉ ቀን የብቸናው ዳስ ጢም ብሏል። አቶ መንግስቴ ከሙሽራዋ ጎን ተቀምጠው ባንቺዓለምን በዓይናቸው ይከተሏታል። እሷም ፈርታለች፣ ምን ይደበቃል። ሽማግሌው ሆን ብለው፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጣል አደረጉት፦

"ሹክ ብዬ ብናገር ቃሌን በለሆሳስ፣
ጆሮ ያላት ትያዝ አንዲት ሳታሳንስ።"

ባንቺዓለም ከአፋቸው ላይ ቀለበችው። አዚማ፣ አዙራ፣ በእሳቸው ስም አስጊጣ መለሰችላቸው። እሰይ! ዳሱ ተነሣ። ከዚህ "ተቀበይ!" ከዚያ "ተቀበይ!" ሆነ፤ አንዱንም አልጣለችም። አቶ መንግስቴ ግን ፊታቸው ገና አልተፈታም።

ይሄኔ ነው አንዲት ቀጭን ድምፅ የመጣችው። ሙሽራ በሠርጓ ቀን አንገቷን ደፍታ ዝም ነው የምትለው። ሀይማኖት ግን ከዓይነ ርግቧ ሥር፣ ለራሷ ያህል አንድ ነገር አጉተመተመች። ስፒከሩ አፍኖባቸው ሚዜዎቿ አልሰሙም፤ ጎኗ የተቀመጡት አያቷም አልሰሙም። ባንቺዓለም ግን ከፊቷ ቆማ ስለነበር በዚያች ቀዳዳ ገባላት፤ በእጇ የሠርገኛውን ከበሮ አስቆመች፤ ሰማው ማሲንቆውን አለዘበ። ከዚያ ወደ ሙሽራዋ እናት ወደ ስንቄ ዞራ፦

"ተዳረች ብለሽ በር አትዝጊ እማዬ፣
እመጣለሁ ገና ሲናፍቀኝ ቀዬ"

ብላ ለቀቀችው። ስንቄ የያዘችውን ትሪ ማን ላይ እንዳስቀመጠች እንኳ ሳታውቅ ሮጣ ልጇን አቀፈች። ዳሱ ሙሉ ሰው አለቀሰ።

አቶ መንግስቴ ብድግ አሉ። "ማነው ይህን የሰጠሽ?"

"ሙሽራዋ ናት አባባ።"

ወደ ልጅቱ ዞሩ፤ ራሷን ነቀነቀችላቸው። "እኔ ጎኗ ተቀምጬ ያልሰማሁትን!" አሉ ሽማግሌው፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ። ዳሱን አቋርጠው መጡና የባንቺዓለምን ግንባር ሳሙ። እልልታው ቀለጠ፤ ባንቺዓለምም ከዳር እስከ ዳር ሰማችው።