ጎረቤት መራጩ

«ከእንግዲህ አንድ ሳህን ድንች እዚህ ቤት ቢገባ እኔ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ነው የምተኛው» አለች ሉዊዝ፣ አልዘጋ ያላትን የፍሪጅ በር በጉልበቷ እየገፋች።

እናቷ ቤሪል ከጠረጴዛው ቀና ብላ አየቻት። «ይኼኛውን ደግሞ ማን አመጣው?»

«እኔ ምን አውቄ! ደጃፍ አስቀምጠው ደወሉን ደውለው ሮጡ። በሩን ስከፍት የአንዲት ሴትዮ ጀርባ ብቻ ነው ያየሁት።»

የቤሪል ባል ዴሪክ ከሞተ ገና ሳምንቱ ነው። ምሳውን በልቶ፣ ጋዜጣውን ደረቱ ላይ ዘርግቶ እንዳሸለበ በዚያው ቀረ። ቀብሩ እንደ እንግሊዝ አገር ልማድ የሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ እስከዚያው ቤቱን የሚሞላው ሳህንና የሐዘን ካርድ ነበር። ቤሪል ይኼ ሁሉ ሳህን ከየት እንደሚመጣ አልገባትም። ባሏ ስልክ ሲጮኽ «የለም በይ» ብሎ ወደ ጓሮ የሚወጣ፣ ጎረቤት ሰላም ሲለው አንገቱን ብቻ ነቅነቅ የሚያደርግ ሰው ነበር። የሚወደው ነገር አጥር መከርከም ነው። ከጡረታ በፊትም በኋላም፣ ትልቁን መቀስ ይዞ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው የቁጥቋጦ አጥር ሥር አይጠፋም።

«ደላላው ከሰዓት ይመጣል» አለች ሉዊዝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለግምት ብቻ ነው እማዬ። ዛሬውኑ ይሸጥ አላልኩም።»

«ይምጣ። ምን ቸገረኝ? እዚህ ሰፈር ማን አለኝና ነው?»

ሉዊዝ እሷ በምትኖርበት በብሪስቶል ከተማ ትንሽ አፓርትመንት አይታላታለች። ቤሪልም ብትሆን «ይኼ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚተኛ ሰፈር ነው፣ ሕይወት ያለበት ቦታ እንሂድ» እያለች ዴሪክን ለዓመታት ስትነዘንዘው ኖራለች። እሱ «እህ» ይልና መቀሱን አንሥቶ ይወጣል።

ደወሉ እንደገና ጮኸ። የአሁኗ እንግዳ ግን አልሮጠችም። በግራ በኩል ያለችው ጎረቤታቸው ሂና ነበረች፤ በፎጣ የተጠቀለለ የምስር ድስት ታቅፋ ቆማለች።

«ድንች አይደለም» አለች ገና ሳትገባ።

«ተባረኪ!» አለች ሉዊዝ ድስቱን እየተቀበለቻት።

ሻዩ ቀርቦ ትንሽ እንደተጨዋወቱ ሂና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ዴሪክ ባይኖሩ እኮ እኛ ያንን ቤት አንገዛውም ነበር» አለች።

«የኔ ዴሪክ?»

«አልነገሩዎትም እንዴ? ቤቱን ልናይ የመጣን ቀን አጥር ይከረክሙ ነበር። በጥር ብርድ! የሚከረከም አንድ ቅጠል እንኳ የለም። ባሌን ‹እኚህ ሰውዬስ ጤና የላቸውም› አልኩት። ቀጥ ብለው መጡና ሰላም ሳይሉን ‹የጎረቤት ልጅ ቢያለቅስ ምን ታደርጋላችሁ?› አሉን።»

«ዴሪክ እንደዚህ አለ?»

«ይሙት ባሌ! እሱማ ደነገጠ። እኔ ‹እናቲቱ ከደከማት ሄጄ እይዝላታለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?› አልኳቸው። መቀሱን መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር ብርድ በጠነከረ ቁጥር እንደሚሞት፣ ሻጩ ሳይቀይረው እንዳንፈርም ነገሩን። ‹ሳሎኑ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኛል፤ ቤቱ ደግ ቤት ነው› አሉ። ከዚያ በኋላማ ዓመት ሙሉ አላናገሩንም።» ሂና በእንባዋ መሀል ሳቀች። «አንገት ብቻ!»

ቤሪል ኩባያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

አሁን ሂና ያለችበት ቤት ድሮ የሚስተር ሆብስ ነበር። ቤሪልና ዴሪክ አዲስ ተጋብተው ይኼን ቤት ሲገዙ ጣሪያውን አይተዋል፣ ቧንቧውን ከፍተው ዘግተዋል፣ ወለሉን በእግራቸው መትተዋል፤ ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ ግን ማንንም አልጠየቁም። ሉዊዝ ተወለደች። ሆዷን እየቆረጣት ታለቅሳለች፤ ባለቀሰች ቁጥር ሚስተር ሆብስ በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳውን ይደበድባል። ቤሪል ቤቷ ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም። ልጇን በጋሪ አስተኝታ በዝናብ መንከራተት ጀመረች። አንድ ቀን ዴሪክ ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ ሥር አገኛቸው፤ ልጅቷ ተኝታለች፣ እናቲቱ በስብሳ ትንቀጠቀጣለች። ምንም አላለም። ኮቱን አውልቆ አለበሳትና ጋሪውን እየገፋ ወደ ቤት ወሰዳቸው። ቤሪል ያንን ዝምታውን ለረጅም ጊዜ አልረሳችለትም፤ አንድ ቃል እንኳ! ሚስተር ሆብስ ቤቱን ሊሸጥ ሰሌዳ በተከለበት ሳምንት ዴሪክ ያንን ትልቅ መቀስ ገዝቶ መጣ።

«አጥር እንዳለን ገና አሁን ታየህ?» ብላው ነበር።

ከሰዓት፣ ሂና ገና ሳትሄድ፣ ደላላው መጣ። ጋሬት ይባላል፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ፈጠን ፈጠን የሚል ሰው ነው። ኮፍያውን አውልቆ «በሐዘንዎ እጅግ በጣም...» ብሎ ሲጀምር ከእሳት ምድጃው በላይ የቆመውን ፎቶ አየና አፉን እንደከፈተ ቀረ። «ባለ መቀሱ!»

«ታውቀዋለህ?» አለች ቤሪል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፤ ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ነው የምንጠራቸው።» ማጅራቱን አከከ። «ዛሬ የሚወራ ነገር አይደለም።»

«አውራ እንጂ! ዛሬ ያላወራኸውን መቼ ልታወራው ነው?»

ጋሬት ሉዊዝን አየ፣ ሂናን አየ፤ ሁሉም ይጠብቁታል። «እዚያ ማዶ ያለውን ቤት ለአንድ ሰውዬ ልሸጥ ጫፍ ላይ ደርሼ ነበር። ሁለት ትልልቅ ውሾች አሉት፤ እሱም ከውሾቹ በላይ ነው የሚጮኸው። ባለቤትዎ ብቅ ብለው በትሕትና፣ ኧረ እጅግ በትሕትና፣ ‹እንኳን ደህና መጡ፤ እኔ የስኮትላንዳውያንን የከረጢት ዋሽንት እየተማርኩ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ነው የምለማመደው። ባለቤቴ ደግሞ ከበሮ ትመታለች› አሉት።»

«ማን? እኔ?!»

«ከበሮ፣ አዎን። ሰውዬው በዚያው ጠፋ።»

ሂናን ሻዩ ትን አላት። ሉዊዝ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ቤሪል ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሊዞር ሲል ሂና እጇን ያዘቻት፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

«ምነው ለኔ ቢነግረኝ!» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«ላንቺ ቢነግርሽማ፣ እማዬ፣ በማግስቱ መላው ሰፈር ይሰማ ነበራ» አለች ሉዊዝ።

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

ጋሬት ሰዓቱን አየና መለኪያውን ከኪሱ አወጣ። «ቶሎ ልለካልዎት። በቀኝ በኩል ያለውን ቤት የሚያይ ገዢ ቀጥሬያለሁ።»

«ይኼን ቤት አትለካውም» አለች ቤሪል ከወንበሯ እየተነሣች።

«እማዬ!»

«ብሪስቶል በባቡር እመጣለሁ፤ እስክትሰለቺኝ እመጣለሁ። ሰውዬዬ እንዳይከፋኝ ብሎ ጎረቤት አንድ በአንድ ሲመርጥልኝ ኖረ፣ እኔ ‹ማን አለኝ› እላለሁ! ይኼን ትተን ነው ልንሄድ የነበረው?»

«ብቻሽን እኮ ነሽ።»

«ግድግዳውን አንዴ ይምቱት» አለች ሂና፣ «ምጣዱን እሳት ላይ ትቼ እመጣለሁ።»

ሉዊዝ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቀች አየቻቸው። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ «እሺ» አለች። «እሺ። ግን ድንቹን ለኔ አትላኩት።»

ውጭ አንድ ረጅም ወጣት ከቀኙ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ጣሪያውን ሽቅብ ያያል። ሁሉም ተከታትለው ወጡ፤ ደላላው አፉን ሳይከፍት ቤሪል ቀደመችው።

«ጣሪያው ደህና ነው። አንተስ?»

ወጣቱ ሳቀ። «እኔም ደህና ነኝ። ኦወን እባላለሁ። ከሆስፒታል ሥራ ጨርሼ በቀጥታ መምጣቴ ነው። እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ እስቲ፤ እኔ ምግብ ስሠራ እዘፍናለሁ፣ ድምፄ ደግሞ አያድርስ ነው። ግድግዳው ያሳልፋል?»

ጋሬት ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ምን ትዘፍናለህ?» አለች ቤሪል።

«ያገኘሁትን። ግጥሙን ግን አንዱንም እስከ መጨረሻው አላውቀውም።»

ቤሪል ከላይ እስከ ታች አስተዋለችው። «ያሳልፋል» አለች። «ስለዚህ ጮክ ብለህ ዝፈን፤ ጆሮዬ ሰነፍ ነው።»

ጋሬት ትንፋሹን ለቀቀ። ኦወን ወደ እሷ ቤት ዞሮ «እዚህኛው ውስጥስ ማን ነው የሚኖረው?» ሲል ጠየቃት።

«እኛ ነን። እኔና ዴሪክ።»

ሉዊዝ ልታርማት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ተወችው። የወጣቱ የኮት ኮሌታ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። ቤሪል፣ ዴሪክን ጠዋት ጠዋት ስትሸኝ እንደለመደችው፣ እጇን ዘርግታ ኮሌታውን አወጣችለት፤ በጣቶቿ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አስተካከለችው። ኦወን እስክትጨርስ ድረስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆመላት።