አሳማ ያልነካው ድስት

ሆክ ሴንግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሮቂያ ጋሪ ፊት ቆሞ «ሁለት ጥቅል፣ አንዱ ያለ በርበሬ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ከፍሎ፣ ጥቅሉን ተቀብሎ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ቻይኖቹ ሰፈር ይሄዳል። በዚያ የረመዳን ከሰዓት ግን መጥቶ ዝም ብሎ ቆመ።

«ምነው፣ ዛሬስ አፍህ ተለጎመ?» አለችው ሮቂያ፣ በኮኮናት ወተት የበሰለውን ሩዝ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች። ለማፍጠሪያ የሚገዛው ሰው ተሰልፏል።

«እትዬ፣ እናቴ ልትሞት ነው።»

«ውይ! አላህ ያቅልልላት።»

«ያንቺም እናት ናት» አለ ሆክ ሴንግ።

የሮቂያ እጅ ቅጠሉ ላይ ቀረ። አጠገቧ ተቀምጦ የጃስሚን አበባ የሚጎነጉነው ሕንዳዊው ታሚል ሴልቫም እንኳን፣ ወሬ ሲያገኝ የማይምረው ሰውዬ፣ አንገቱን ደፋ።

ሮቂያ የቻይና ልጅ መሆኗን አታውቅም ነበር ማለት አይደለም። መስታወት አይዋሽ! ያሳደገቻት ማሌይቱ ቼ ፑቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ገና በሰባት ዓመቷ ነግራታለች። በቻይኖቹ አቆጣጠር በነብር ዓመት ስለተወለደች ጠንቋይ ተጠይቆ «ይቺ ልጅ አባቷን ትበላለች» አለ፤ በአርባ ቀኗ ለቼ ፑቴ ተሰጠች። በእኛ በማሌዮች አገር፣ በጆርጅታውን፣ እንዲህ ያለ ልጅ ስንት አለ መሰላችሁ! ያ ጠንቋይ ምላሱ ይቆረጥና፣ አባትየው ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል የሞተው ሞተር ብስክሌት ገጭቶት ነው። ልጅቱ በሰማዩም በምድሩም አልነበረችበት።

«እኔም የሰማሁት ትናንት ነው» አለ ሆክ ሴንግ። «ሁልጊዜ ከዚያች ሴት ብቻ ግዛ ስትለኝ ጣፍጧት ነበር የሚመስለኝ። ሦስት ቀን እህል ባፏ አልዞረም። ልጄ ከቤቴ ስትበላ ሳላይ አልሄድም ብላለች።»

«ከቤቷ? አሳማ ከሚጠበስበት ቤት? ደግሞ በጾም!» ሮቂያ ቆሽቷ አረረ። «ሃምሳ ስድስት ዓመት እናትህ የት ነበረች?»

«እዚሁ። ከዚህ አራት መንገድ አልፎ።»

ይሄ ነው የጎዳት። ሩቅ አገር ነበረች ቢላት ይሻላት ነበር። አራት መንገድ!

ሴልቫም ከአበባው ቀና አለ። «ሂጂ እንጂ አንቺ ሴት! ጋሪውን እኔ አያለሁ። ቂሙ የትም አይሄድብሽም፤ እሷ ግን ሄደች።»

«አንተ ደግሞ አበባህን ጎንጉን!» አለችው። የሥራ ሽርጧን ግን ፈታች።

ሆክ ሴንግ ፊት ፊት፣ እሷ ኋላ ኋላ ሄዱ። መስጊዱን አለፉ። የሕንዶቹ ሱቆች እርድና ቅርንፉዳቸውን በራፋቸው ላይ ዘርግተዋል። ከዚያ ወርቅ ቤቶቹ፣ የልጆቿን የጋብቻ ቀለበት የገዛችባቸው። ከዚያ ዳክዬው በየመስኮቱ ተሰቅሎ የሚብለጨለጭበት የቻይኖቹ መንገድ። በዚህ መንገድ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ልትገዛ፣ ጫማ ልታሰፋ ተመላልሳለች፤ ወደ ፎቁ ግን ቀና ብላ አይታ አታውቅም። አሁን እያንዳንዱን መስኮት እያየች «ከየትኛው ሆና ነው ያየችኝ?» አለች በሆዷ። የምትለውንም አዘጋጀች። ልብላላት? አፈር ትብላ! ይህን ልትላት ነበር የሄደችው።

የሆክ ሴንግ ሚስት ሲዩ ላን ወጥ ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ሮቂያ ልትቀመጥ ስትል ክንዷን ያዘቻት።

«እዚያ አትቀመጪ፤ እኛ የምንበላበት ነው፣ አማቴ ትቆጣኛለች። ያንቺ በዚህ በኩል ነው።»

በዚያኛው ግድግዳ፣ ከምድጃው ርቆ፣ ትንሽ ቁም ሣጥን አለ። ከጎኑ ለብቻዋ የተቀመጠች ምድጃ ላይ ድስት ተጥዷል።

«እዚህ ቤት ከገባሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው» አለች ሲዩ ላን። «ይሄ ድስት፣ እነዚህ ሁለት ሳህኖች፣ ይቺ ማንኪያ። በየአዲስ ዓመቱ አውርዳ ራሷ አጥባ ትመልሳቸዋለች። አሳማ የነካ እጅ እንዳይነካቸው ትላለች። ሙሽራ ሳለሁ ሳላውቅ የአሳማ ሾርባ ብሠራበት ድስቱን ከነሾርባው ወርውራ አዲስ ገዛች። ወር ሙሉ አኮረፈችኝ! ለአማልክት ያስቀመጠችው ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ ዶሮውን ከእናንተ ሥጋ ቤት አስገዛችኝ። ከአልጋዋ ሆና ዝንጅብል ቀንሺ፣ ውሃ ጨምሪ ስትለኝ ነው የዋለችው።»

ሮቂያ ድስቱን አየች። ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ ጠፋባት።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ እናትየው ጉዋት ኒዮ አልጋው ላይ የሕፃን ያህል ሆናለች። ሮቂያ የገበያ ቻይንኛ ትችላለች፤ አሮጊቷም ማሌይኛ።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።» ከዚያ ሮቂያ ራሷን መያዝ አቃታት። «እርስዎ ለምን ለሰው ሰጡኝ?»

«ፈራሁ» አለች ጉዋት ኒዮ። «ባሌን ፈራሁ፣ አማቴን ፈራሁ። እነሱ ሲሞቱ ደግሞ አንቺን ፈራሁ።»

ሌላ ምክንያት አልደረደረችም። ብትደረድር ኖሮ ሮቂያ ተነሥታ ትሄድ ነበር።

ሲዩ ላን በዶሮ የተሠራውን የሩዝ አጥሚት በሳህን አመጣች። ፀሐይ ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ይቀራል። የአሮጊቷ ትንፋሽ ግን እየተቆራረጠ ነው፤ ሮቂያ ቼ ፑቴን አስታማ ቀብራለችና ይህን ትንፋሽ ታውቀዋለች። የምሽቱ አዛን፣ መግሪብ፣ አይደርስላትም። ማንኪያውን አነሣች።

«አላህ መሓሪ ነው። ቀኑን ሌላ ጊዜ ጾሜ እከፍላለሁ።»

የጉዋት ኒዮ እጅ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ የሮቂያን የእጅ አንጓ ያዘ። ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ እንጃ።

«ገና ነው። ፀሐይ አልገባችም።»

«ጊዜ የለም እኮ! ልጄ ሳትበላ አልሄድም ብለው የለም እንዴ?»

«ብያለሁ።» ትንፋሿን ሰብስባ ጨረሰችው። «ግን ለማሌዮቹ፣ ለእምነታቸው ሰጥቼሻለሁ። የሰጠሁትን አላበላሽም።»

እጇን አልለቀቀችም። ሆክ ሴንግም ከአልጋው ግርጌ ቆሞ፣ ሁሉም መስኮቱን አዩ። ብርሃኑ ከጣሪያው ክዳን ላይ አልወርድ አለ። ሮቂያ በሕይወቷ ፀሐይን ጥለቂ ብላ ለምና አታውቅም፤ ያን ቀን ለመነች። በግድግዳው ሰዓት ለመግሪብ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር የአሮጊቷ ጣቶች ላሉ።

ሆክ ሴንግ ወለሉ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሲዩ ላን እንደ ወጉ የአማልክቱን መሠዊያ በቀይ ወረቀት ሸፈነች። ከዚያ ሳህኑን ልታነሣ መጣች።

«በርዷል፤ ልውሰደው?»

«ተዪው» አለች ሮቂያ።

አዛኑ በጣሪያዎቹ ላይ ሲመጣ ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች። ውሃው በዝቷል፤ ዝንጅብሉም አንሷል። እንባዋ ከአጥሚቱ ጋር እየወረደ፣ ዓይኗን ከሬሳው ሳትነቅል፣ እስከ መጨረሻው በላች። ተናዳለች። አዝናለች። ዘጠኝ ደቂቃ መቆየት አቃተሽ ወይ ብላ ልትጮህባት ፈለገች። ርቧትም ነበር፣ ይሄ ምን ይደረጋል።

ሳህኑን ስትጨርስ ተነሥታ ከድስቱ ሁለተኛውን ሳህን ሞላችና ለሆክ ሴንግ ዘረጋችለት። ቀና ብሎ አያት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? ሻሽ ያሰረችው ማሌይትና ከነካናቴራው የተደፋው ቻይና አገጫቸው ግን አንድ ነበር።

«እሱ ያንቺ ነው እትዬ» አለ። «በልጅነታችን ሣጥኑን የነካ ይገረፍ ነበር።»

«ብላ ብዬሃለሁ። እናታችን ናት ያሠራችው።»

ሆክ ሴንግ ተነሣ። ወጥ ቤት ገብቶ እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጥቦ መጣና ሳህኑን ተቀበላት።